ትንሽ የኮራል አኳሪየም፦ ስለ ውሃው ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

ሳሎኔ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ 75 ሊትር የምትይዝ የመስታወት ገንዳ አለች። ውስጧ ጨዋማ ውሃ፣ ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ሽሪምፕ፣ ጥቂት ቀንድ አውጣዎችና ኮራሎች (ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ የባሕር እንስሳት) አሉ። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ዓሣዎቹን ያደንቃል። ቀጥሎ የሚጠይቀው ግን ስለ ውሃው ነው። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ነው፤ ጥያቄው ግን ከጅዳም፣ ከቴል አቪቭም፣ ከአዲስ አበባም ይመጣል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ላድርገው ብዬ ነው።

ትንሽ ስለሆነ ይቀላል አይደል?

ይከብዳል እንጂ። አንድ ድስት ወጥ ላይ ቁንጥር ጨው ቢበዛ ማንም ልብ አይለውም። ያችው ቁንጥር አንድ ስኒ ቡና ውስጥ ከገባች ግን አይጠጣም። በ400 ሊትር ገንዳ አንድ ቀንድ አውጣ ሞቶ ቢበሰብስ ውሃው ይችለዋል። በ20 ሊትር ግን ጠዋት ደህና የነበረው ውሃ ማታ ሌላ ውሃ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ትልቅ ገንዳ ስህተታችሁን ለማረም ጊዜ ይሰጣል፣ ትንሹ አይሰጥም። ለጀማሪ ከ60 ሊትር በታች አልመክርም። ዴስክ ላይ የምትቀመጥ 10 ሊትር ቆንጆ ናት፤ ግን ለቆየበት ሰው ትሁን።

በገበታ ጨው መሥራት አይቻልም? የአፋር ጨውስ?

በሁለቱም አይቻልም። የገበታ ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። ኮራል ደግሞ አጥንቱን የሚሠራው ከካልሲየምና ከካርቦኔት ነው፤ ማግኒዚየምም ያስፈልጋል።

የአፋሩን የጠየቀኝ አዲስ አበባ ያለ ልጅ ነው። ጥያቄው ሞኝነት እንዳይመስላችሁ። የዳናክል ረባዳ ምድር በአንድ ወቅት በቀይ ባሕር ውሃ የተሞላ ነበር። ከ100 ሺህ ዓመት በላይ የሆናቸው ኮራሎች በጨው ሜዳው ዙሪያ ድንጋይ ሆነው ዛሬም ይታያሉ። ታዲያ ያ ጨው የባሕር ከሆነ ለምን ለኮራል አይሆንም? ባሕር ሲተን ሁሉም ማዕድን በአንድ ጊዜ ስለማይረጋ ነው። መጀመሪያ ካልሲየም ካርቦኔት ይወርዳል፣ ከዚያ ጂፕሰም፣ ከዚያ የምንበላው ጨው። ማግኒዚየሙ ለመጨረሻ ይቀራል። አሞሌው ከመካከል የተቆረጠ አንድ ንብርብር ብቻ ነው። መልሳችሁ ብታሟሙት የጨው ውሃ ይሆናል፤ ባሕር አይሆንም።

የሚያስፈልገው ለኮራል ገንዳ ተብሎ የተዘጋጀ ጨው ነው። ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ከ36 እስከ 38 ግራም አካባቢ ይገባል፤ እንደየጨው ዓይነቱ ስለሚለያይ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን እዩ። መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ ጨው። ባልዲ ውስጥ በትንሽ ፓምፕ እየዞረ ይደር። ጨው ቀጥታ ዓሣው ያለበት ገንዳ ውስጥ አይጨመርም፤ በምንም ምክንያት።

ባሕሩ ደጄ ላይ ነው። ለምን ቀድቼ አላመጣም?

ከጅዳም ከዱባይም ከኤላትም ይመጣል ይሄ ጥያቄ። ማምጣት ይቻላል፤ ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ጨውነቱ ነው። የውቅያኖስ ውሃ በአማካይ በሺህ 35 ነው፤ በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ጨው ማለት ነው። የሰሜን ቀይ ባሕርና የፋርስ ባሕረ ሰላጤ (የዱባዩ) ውሃ 40 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ገንዳችሁ 35 ላይ ከሆነና 40 ካፈሰሳችሁበት ዓሣውም ኮራሉም ይደነግጣል። ሰባት ሊትር ባለ 40 ውሃ ላይ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ብትጨምሩ ልክ 35 ይሆናል።

ሁለተኛው ቦታው ነው። ወደብ አጠገብ፣ የፍሳሽ መውጫ አጠገብ፣ ከዝናብ በኋላ ባለው ቀን አትቅዱ። ዘይት በዓይን ሳይታይም አለ። ስትቀዱ ደግሞ ውሃ ብቻ ቅዱ። ኤላት ላይ ኮራል መንቀል በሕግ የተከለከለ ነው፤ የሞተውን ከባሕር ዳር ማንሳትም አይፈቀድም።

የቧንቧ ውሃስ? እኛ እንጠጣው የለ?

ለእኛ ደህና ነው፤ ለኮራል አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ቧንቧው ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል በክሎራሚን ይታከማል። ክሎራሚን ክሎሪንና አሞኒያ ተጣምረው ነው። ተራ ክሎሪን ባልዲ ውስጥ ቢያድር ይተናል፤ ክሎራሚን ግን በቀላሉ አይሄድም። በፀደይ ለጥቂት ሳምንታት መስመሩን ለማጽዳት ወደ ክሎሪን ይቀየራል፤ ያኔ ሽታው ሻይ ውስጥ ሳይቀር ይታወቃል። ከዚህ ሌላ ከቱቦው የሚመጣ መዳብ አለ፣ ናይትሬት አለ፣ ፎስፌት አለ።

መፍትሔው አርኦዲአይ የሚባለው ማጣሪያ ነው። ውሃው በደለል ማጣሪያ፣ በከሰል፣ በሜምብሬን፣ መጨረሻ ላይ በሬዚን ያልፋል። ጫፉ ላይ ቲዲኤስ የሚባል፣ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር የሚለካ መለኪያ ይገጠማል። ዜሮ ማንበብ አለበት። 1 ወይም 2 ማሳየት ሲጀምር ሬዚኑ አልቋል ማለት ነው፤ "ትንሽ ነው" ብላችሁ አትለፉት። ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሦስት አራት ሊትር ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። እኔ በበርሜል አጠራቅሜ ወለል አጥብበታለሁ።

አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ውሃ በፈረቃ እየመጣ ከሮቶ የምትቀዱ ከሆነ ሜምብሬኑ የሚፈልገው ግፊት አይገኝም። ትንሽ የግፊት ፓምፕ ያስፈልጋል። ያለዚያ ውሃው ይንጠባጠባል፣ ብክነቱም ይብሳል።

ውሃ ሞላሁ። ዓሣ መቼ ላስገባ?

ነገ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ከዓሣ ኩስና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው። አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፣ ሌላው ደግሞ ወደ ናይትሬት። እነዚህ ባክቴሪያዎች ገንዳው ውስጥ ባለው ድንጋይ ላይ እስኪሰፍሩ ነው የምትጠብቁት። መጀመሪያ የአሞኒያ ምንጭ ስጧቸው፤ ከዓሣ መደብር የተገዛ አንድ ጥሬ ሽሪምፕም ይበቃል። ሽታው አይወደድም፤ ቤተሰብ ያማርራል። አሞኒያው ከፍ ብሎ ቆይቶ ወደ ዜሮ ሲወርድ፣ ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን፣ ናይትሬት ሲታይ አንድ ዓሣ አስገቡ። አንድ!

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ወራት ገንዳው ያስጠላል። መጀመሪያ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር አሸዋውን ይሸፍነዋል፣ ቀጥሎ አረንጓዴው አልጌ ይመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ተስፋ ቆርጦ ገንዳውን የሚሸጠው። እኔም የመጀመሪያዋን የገዛሁት ከእንደዚህ ዓይነት ሰው ነበር፤ በርካሽ።

ቁጥሮቹ ስንት መሆን አለባቸው?

ሙቀት 25 እስከ 26 ዲግሪ። ጨዋማነት 35። አልካሊኒቲ (ውሃው ውስጥ ያለው የካርቦኔትና የባይካርቦኔት መጠን፤ መለኪያው ዲኬኤች ይባላል) ከ7 እስከ 9 ዲኬኤች። ካልሲየም ከ400 እስከ 450 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ)፣ ማግኒዚየም 1,300 ገደማ። ናይትሬት ከ2 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1። አሞኒያ ዜሮ።

ይህን ጻፍኩላችሁ፤ ግን ቁጥሩን እያባረራችሁ ኮራል እንዳትገድሉ። እኔ ገድያለሁና ነው። በሁለተኛው ዓመት ነው። አክሮፖራ የምትባል አጥንት የምትሠራ ኮራል ነበረችኝ፣ ጫፏ ወይን ጠጅ። አልካሊኒቲ ስለካ 7 ሆነ። "ዝቅ ብሏል፣ 10 ቢሆን በፍጥነት ታድጋለች" ብዬ በአንድ ምሽት አልካሊኒቲ የሚያሳድገውን ዱቄት አሟሙቼ ጨመርኩ። ማታ ምንም አልሆነችም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሥሯ ላይ የጥፍር ያህል ነጭ ነገር አየሁ። ሥጋዋ እየተላጠ ነው። በሳምንቱ ሙሉ በሙሉ ነጭ አጥንት ሆነች። የሚያናድደው ምን መሰላችሁ? የተፈጥሮ ባሕር ውሃ አልካሊኒቲ ራሱ 7 ገደማ ነው። ምንም አልጎደላትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሕጌ አንድ ነው። አልካሊኒቲን በቀን ከግማሽ ዲኬኤች በላይ አላንቀሳቅስም። 7.5 ላይ ለወራት ቁጭ ያለ ገንዳ፣ ሰኞ 7 ሐሙስ 10 ከሚሆን ገንዳ ይሻላል። ጨዋማነትም፣ ሙቀትም እንደዚያው ነው።

ካልሲየምና አልካሊኒቲ መጨመር የግድ ነው?

መሽሩምና ዞአንቲድ የመሳሰሉ ለስላሳ ኮራሎች ብቻ ከሆኑ ውሃ መቀየር ይበቃል። አጥንት የሚሠሩት ሲበዙ ግን በሁለት ቅያሪ መካከል አልካሊኒቲው ይወርዳል። ያኔ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይጨመራል። ሳምንቱን ሙሉ ትቶ ቅዳሜ ማካካስ የእኔን አክሮፖራ ታሪክ መድገም ነው።

ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲድነቱ ጨምሯል ማለት ነው) እየወረደ ነው። ምን ልጨምርበት?

መስኮት ክፈቱ። አልቀለድኩም። አምና ፋሲካን ቤቴ ነበር ያከበርነው። ወደ 20 ሰው፣ መስኮቱ በብርዱ ምክንያት ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል፣ ቡናው ተፈልቶ። 8.2 የነበረው ፒኤች ማታ 7.8 ሆኖ አገኘሁት። ገንዳው ውስጥ የተበላሸ ነገር አልነበረም። የሰው ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለበት፤ ውሃው አየሩን ይጠጣል፣ አሲድነቱ ይጨምራል። እንግዶቹ ሄዱ፣ መስኮቱ ተከፈተ፣ በማግስቱ ቦታው ተመለሰ። ያን ማታ ከጠርሙስ "ፒኤች ማስተካከያ" ብገለብጥ ኖሮ አልካሊኒቲውን አበላሽ ነበር። ከ7.8 እስከ 8.4 ባለው ውስጥ እስካለ እንቅልፍ አልነሳበትም። ከሰል ግን በተዘጋ ቤት ለእኛም አደጋ ነው፤ ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉ።

"ዕጣኑስ?" ላላችሁኝ፦ በዕጣን የሞተ ኮራል አላየሁም። ረከቦቱን ከገንዳው ራቅ አድርጌ ነው የማስቀምጠው፣ በቃ። የበረሮ ስፕሬይ ግን ሌላ ነገር ነው። ሽሪምፕ ለነፍሳት መድኃኒት እንደ ነፍሳቱ ነው የሚሞተው። እዚያ ክፍል ውስጥ አትንፉ።

ውሃ በየስንት ጊዜ ልቀይር?

በሳምንት 10 በመቶ። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ነው የማደርገው። ዓርብ ማታ 8 ሊትር ውሃ ጨዉ ገብቶበት፣ ማሞቂያና ፓምፕ ተጨምሮበት ባልዲ ውስጥ ሲዞር ያድራል። ጠዋት ሙቀቱንም ጨዉንም ከገንዳው ጋር አመሳስላለሁ። እጄን እስከ ክርኔ በውሃ ብቻ እታጠባለሁ፤ ሳሙና የለም፣ ቅባት የለም። ከዚያ ባለ ላስቲክ መምጠጫዋን እየጨመቅኩ በድንጋዮቹ መካከል ውሃ እነፋለሁ። የተደበቀው ቆሻሻ እንደ ጭስ ይነሳል። ያን በቀጭን ጎማ ወደ ባዶው ባልዲ እስበዋለሁ። አዲሱን ቀስ አድርጌ እጨምራለሁ። ሽሪምፑ ሁልጊዜ መጥቶ ጣቴን ያጸዳልኛል፤ ለዚያች ደቂቃ ስል ነው መሰለኝ ቅዳሜ የማይታክተኝ። በጠቅላላው 25 ደቂቃ።

ግን ቀለል ያለ ሒሳብ እዩ። ናይትሬታችሁ 40 ቢሆንና 10 በመቶ ብትቀይሩ 36 ነው የሚሆነው። ስለዚህ ከፍ ያለ ናይትሬት በውሃ ቅያሪ ብቻ አይወርድም። ምንጩ ሌላ ነው። ከአሥር ዘጠኙ ጊዜ ምንጩ ምግብ የሚበትነው እጅ ነው።

ታዲያ ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ ቢሆኑ አይሻልም?

አይሻልም። ኮራሉ ራሱ ይራባል፣ ይነጣል። ሁለቱም ዜሮ የሆኑበት ገንዳ ውስጥ ብዙ ጊዜ ዳይኖፍላጀሌት የሚባል ደቂቅ ሕይወት ይነሳል፤ ቡናማ ንፍጥ የመሰለ፣ አረፋ የቋጠረ። አልጌን ማሸነፍ ይቀላል። ይሄንን ለማሸነፍ እኔ አራት ወር ፈጅቶብኛል።

ጨዋማነቱን በምን ልለካ?

በሪፍራክቶሜትር፤ ብርሃን ውሃው ውስጥ ሲያልፍ እንዴት እንደሚታጠፍ አይቶ ጨውን የሚለካ መሣሪያ ነው። ሲገዛ ትክክል ነው ብላችሁ አትመኑት። 35 ተብሎ በተዘጋጀ መለኪያ ፈሳሽ አስተካክሉት፤ በንጹሕ ውሃ ዜሮ ላይ ማስተካከል 35 ላይ ሊያሳስታችሁ ይችላል። ክንድ ያላት የፕላስቲኳ መለኪያ ላይ አንዲት የአየር አረፋ ከተጣበቀች ቁጥሩ ይዋሻል።

ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣ መሣሪያ) ልግዛ?

ለዚህ መጠን ግዴታ አይደለም። ገንዘቡን ለአርኦዲአዩ አውሉት።

ዓሣዬ ታመመ፤ መድኃኒት ገንዳው ውስጥ ልጨምር?

በፍጹም። በርካታ የዓሣ መድኃኒቶች መዳብ አለባቸው። መዳብ ሽሪምፕን፣ ቀንድ አውጣን፣ ኮራልን ይገድላል፤ ድንጋዩና አሸዋው ውስጥም ገብቶ ይቀራል። ዓሣውን አውጥታችሁ በሌላ ዕቃ አክሙ። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ደግሞ ክዳን አድርጉ። ሳንቲም መወርወር ይወዳሉ፤ ብዙ ሳንቲምም መዳብ አለበት።

አልጌ የወረሰውን ድንጋይ አውጥቼ ባፈላውስ?

አታፍሉ! ይህን በቁም ነገር ያዙልኝ። ዞአንቲድና ፓሊቶዋ የሚባሉት ኮራሎች ፓሊቶክሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ ሊይዙ ይችላሉ። እነሱ ያሉበት ድንጋይ ሲፈላ መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል። በዚህ መንገድ መላ ቤተሰብ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ። በፈላ ውሃ ማምከን በእኛ ቤት የተለመደ ነው፤ ዕቃ ይፈላል፣ ጡጦ ይፈላል። ድንጋይ ግን አይፈላም። ባልዲ ውስጥ በገንዳው ውሃ፣ ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ በብሩሽ ፈትጉት።

መብራት ሲጠፋ?

መጀመሪያ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው፤ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይኑራችሁ። ከሌለ በኩባያ እየቀዳችሁ ከላይ መልሱት፣ በየተወሰነ ደቂቃ። ብርድ ልብስ አልብሱት። ምግብ አትስጡ።

አገር ቤት ስሄድ ማን ይጠብቀው?

እኔ ያለኝ አክስቴ ናት። በመጀመሪያው ጊዜ ለአንድ ሳምንት ስሄድ ሁለት ጀሪካን አስቀመጥኩ። አንዱ ንጹሕ ውሃ፣ አንዱ ለክፉ ቀን የተዘጋጀ ጨዋማ ውሃ። ላያቸው ላይ በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ጻፍኩ። "ውሃው ሲጎድል ሙይ" አልኳት። የትኛውን እንደምትሞላ አልነገርኳትም።

በብርዱ ወራት የቤቱ ማሞቂያ ስለሚበራ ገንዳዋ በቀን ወደ 1 ሊትር ይተንባታል። የሚተነው ውሃው ነው፤ ጨዉ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የሚሞላው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። አክስቴ ግን አሰበችበት። "የባሕር ዓሣ አይደሉም እንዴ? ቀመስኩት፤ ጨው ያለውን ነው የሰጠኋቸው።" 7 ሊትር ጨዋማ ውሃ፣ ወደ 245 ግራም ጨው። ድንጋዩና አሸዋው የያዙት ቦታ ሲቀነስ ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ 65 ሊትር ነው። ስመለስ ጨዋማነቱ 38 ተኩል ነበር። ኮራሎቹ ሁሉ ተጨማትረዋል።

በአንድ ጊዜ አላወረድኩትም። በቀን 2 ሊትር እያወጣሁ በንጹሕ ውሃ ተካሁ፤ በሦስተኛው ቀን 35 ገባ። አንድም አልሞተም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ እሷማ ቀምሳ ነው ያረጋገጠችው።

አሁን ጨዋማው ጀሪካን ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። በንጹሑ ላይ በትልቁ "ያለ ጨው" ብዬ ጽፌያለሁ። መስታወቱ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፌ "እስከዚህ" አልኩ። ባለፈው ስመለስ 35 ነበር፣ ልክ። ናይትሬቱ ግን 25። የምግቡ ቆርቆሮ ባዶ ነው። "ከስተው አሳዘኑኝ" አለች። ስለዚህ አሁን የየቀኑን ምግብ ሰኞ ማክሰኞ በተጻፈበት የክኒን ሳጥን ከፋፍዬ፣ ቀሪውን ደብቄ ነው የምሄደው።